ችላ በተባለ ፎልደር ውስጥ ያለን አንድ ፋይል ጊት ለምን አያየውም?

የፋይሎችን ለውጥ እየተከታተለ ስለሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ስለ ጊት ያነሡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በፕሮጀክትዎ ዋና ፎልደር ባለው ‹.ጊትኢግኖር› ፋይል ውስጥ ‹ውጤት/› ብለው ጽፈው ፎልደሩ በሙሉ ችላ እንዲባል አድርገዋል፤ ከሥሩ ደግሞ ‹!ውጤት/ናሙና.ሲኤስቪ› የሚል መስመር ጨምረው ናሙናው ብቻ ሪፖዚተሪው (ጊት የፕሮጀክቱን ፋይሎችና ታሪካቸውን የሚያስቀምጥበት ማከማቻ) ውስጥ እንዲገባ ፈልገዋል። ጊት ግን ናሙናውን ጨርሶ አያየውም። በሌላ በኩል የይለፍ ቃል የያዘው ‹ቅንብር.ጄሰን› በዚያው ዝርዝር ውስጥ በግልጽ ተጽፎ እያለ፣ በነካኩት ቁጥር ‹ተቀይሯል› እየተባለ ይመጣብዎታል። ከዚህ በታች ትእዛዞችን፣ አማራጮችንና የፋይል ስሞችን ሁሉ እንደሚነበቡ በግዕዝ ፊደል ጽፌአቸዋለሁ፤ የጊት ትእዛዞች ሲተየቡ ግን እንደተለመደው በላቲን ፊደል ነው።

አንደኛው ፋይል እንዲታይ ተፈልጎ አይታይም፤ ሁለተኛው እንዳይታይ ተፈልጎ ይታያል። ተቃራኒ ችግሮች ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ብዙ ሰው ‹.ጊትኢግኖር›ን እንደ ክልከላ ዝርዝር ይወስደዋል፤ እዚያ የተጻፈ ሁሉ ሪፖዚተሪው ውስጥ እንደማይገባ፣ የገባም ካለ እንደሚወጣ ያስባል። የፋይሉ ሥራ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ጊት የሥራ ፎልደርዎን ከላይ ወደ ታች እየተመለከተ ሲወርድ፣ እስካሁን የማይከታተለው ፋይል ወይም ፎልደር ባጋጠመው ቁጥር ‹ይህን ላሳውቅ ወይስ ልለፈው?› የሚለውን ጥያቄ የሚመልስለት በእነዚህ ደንቦች ነው። የደንቦቹ ሥልጣን ከዚህ ጥያቄ አያልፍም። ይህን አንድ ነገር ከያዙ፣ ቀሪው ደንብ በቃል የሚጠና ሳይሆን ከዚሁ የሚከተል ሆኖ ያገኙታል።

ከናሙናው እንጀምር። ጊት ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው ‹ውጤት› የተባለውን ፎልደር ነው፤ ፋይሉን ገና አላየውም። ‹ይህን ፎልደር ልለፈው?› ብሎ ይጠይቃል፤ የእርስዎ ደንብ ‹አዎ› ይላል፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ አይገባም። ካልገባ ደግሞ ‹ናሙና.ሲኤስቪ› የሚባል ፋይል እዚያ መኖሩን አያውቅም፤ ስለ ፋይሉ የሚቀርብ ጥያቄም አይኖርም፤ ቃለ አጋኖ ያለበት መስመርዎ የሚመልሰው ነገር ሳያገኝ ይቀራል። ይህ ስህተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን የያዘ የግንባታ ወይም የላይብረሪ ፎልደር በተመለከተ ቁጥር ሁሉ ውስጡ ቢፈተሽ ሥራው እጅግ ይዘገይ ነበርና። የጊት መመሪያም የወላጅ ፎልደሩ ችላ የተባለበትን ፋይል በቃለ አጋኖ መመለስ እንደማይቻል በግልጽ ያስቀምጣል።

መፍትሔው ፎልደሩን ትቶ ይዘቱን ችላ ማለት ነው፦

ውጤት/*
!ውጤት/ናሙና.ሲኤስቪ

አሁን የመጀመሪያው መስመር የሚናገረው ስለ ፎልደሩ ሳይሆን በውስጡ በቀጥታ ስላሉት ነገሮች ነው። ጊት ፎልደሩ ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዱን ነገር አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ናሙናው ላይ ሲደርስ ሁለቱም መስመሮች ይመለከቱታል። በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ደንቦች ሲጋጩ የሚጸናው በመጨረሻ የተጻፈው ስለሆነ፣ ቃለ አጋኖ ያለበት መስመር ምንጊዜም ከሚያስተካክለው ደንብ በታች መሆን አለበት። ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡት ናሙናው እንደገና ይጠፋል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ለውጥ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል። ‹ውጤት/› ከሚለው ወደ ‹ውጤት/*› ሲሸጋገሩ የተጨመረው ኮከብ ብቻ አይደለም፤ የደንቡ ስፋትም ተቀይሯል። በመጀመሪያው ላይ ስላሹ (‹/›) ያለው መጨረሻ ላይ ብቻ ስለሆነ ደንቡ ‹ውጤት› የሚባል ፎልደርን በየትኛውም ጥልቀት ቢገኝ ይይዘዋል። በሁለተኛው ላይ ስላሹ መሐል ስለገባ ደንቡ ‹.ጊትኢግኖር› ካለበት ፎልደር ጋር ይታሰራል፤ ‹ሞዱል/ውጤት› የሚባል ሌላ ፎልደር ካለዎት ከእንግዲህ ችላ አይባልም። በየትኛውም ጥልቀት እንዲሠራ ከፈለጉ ሁለቱንም መስመሮች በ‹**/› ይጀምሯቸው፤ ‹**/ውጤት/*› እና ‹!**/ውጤት/ናሙና.ሲኤስቪ› ይሆናሉ።

እንዲገባ የሚፈልጉት ፋይል አንድ ደረጃ ወደ ታች የወረደ ከሆነ ደግሞ መንገዱን ደረጃ በደረጃ መክፈት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ‹ዳታ› ከተባለው ፎልደር ውስጥ ‹2024/ማጠቃለያ.ሲኤስቪ› ብቻ እንዲገባ ቢፈለግ እንዲህ ይጻፋል፦

/ዳታ/*
!/ዳታ/2024/
/ዳታ/2024/*
!/ዳታ/2024/ማጠቃለያ.ሲኤስቪ

ከላይ ወደ ታች ሲነበብ የጊትን አካሄድ ይከተላል። በ‹ዳታ› ውስጥ ያለ ሁሉ ይታለፍ፤ ‹2024› ግን ይከፈት፤ ከተከፈተ በኋላ ውስጡ ያለው ይታለፍ፤ ማጠቃለያው ግን ይግባ። ሦስተኛው መስመር ከተዘለለ በ‹2024› ውስጥ ያለው ሁሉ ይገባል፤ ሁለተኛው ከተዘለለ ምንም አይገባም። ደረጃው ሲበዛ ይህ አጻጻፍ አድካሚ ስለሚሆን፣ በአንድ ዓይነት ቅጥያ የሚለዩ ፋይሎችን ከየትኛውም ጥልቀት ለማስገባት የሚከተለው ይሻላል፦

/ዳታ/**
!/ዳታ/**/
!/ዳታ/**/*.ሲኤስቪ

መካከለኛው መስመር ፎልደሮችን ሁሉ ይከፍታል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ስላሽ ደንቡ ፎልደሮችን ብቻ እንዲመለከት ያደርገዋልና። ጊት በየፎልደሩ መግባት ስለሚኖርበት በጣም ትልቅ በሆነ የፋይል ዛፍ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ለመደበኛ ፕሮጀክት አይከብድም። ‹**› በጊት ደንቦች ውስጥ መሥራት የጀመረው በ2013 ከወጣው 1.8.2 ከሚባለው እትም ጀምሮ ስለሆነ ዛሬ በሥራ ላይ ባሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ያገለግላል።

ስለ ስላሽ ይህን ያህል ከተነሣ ሕጉን በሙሉ መናገር ይገባል፤ በእኔ እምነት ከደንቦቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው እሱ ነው። መጀመሪያ ወይም መሐል ላይ ስላሽ ያለበት ደንብ ‹.ጊትኢግኖር› ካለበት ፎልደር ተነሥቶ ይለካል። ስላሽ የሌለበት፣ ወይም መጨረሻው ላይ ብቻ ያለበት ደንብ ግን በዚያ ፎልደር ሥር በየትኛውም ጥልቀት ያለን ስም ይመለከታል። መጨረሻ ላይ ያለው ስላሽ የሚለው ነገር ሌላ ነው፤ ‹ፎልደር ከሆነ ብቻ› ይላል። ስለዚህ ‹ሎግ› የሚል ደንብ ሎግ የሚባል ፋይልንም ፎልደርንም በየትም ቦታ ይይዛል፤ ‹ሎግ/› ፎልደርን ብቻ በየትም ቦታ ይይዛል፤ ‹/ሎግ/› ከደንቡ ፋይል አጠገብ ያለውን ፎልደር ብቻ ይይዛል። አንድ ኮከብ ስላሽን አይሻገርም፤ ‹ሰነድ/*.ፒዲኤፍ› ሲባል በ‹ሰነድ› ውስጥ በቀጥታ ያሉት እንጂ ‹ሰነድ/አሮጌ› ውስጥ ያሉት አይካተቱም። እኔ ስጽፍ ቦታው የሚታወቅ ነገር ሁሉ በስላሽ እንዲጀምር አደርጋለሁ፤ ያለ ስላሽ የተጻፈ ስም ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው በሌላ ጥግ የሚፈጥረውን ተመሳሳይ ስም ያለው ፎልደር ያለ ድምፅ ሊውጥ ይችላልና። እንዲህ ያለ ጥፋት ከሁሉም ዘግይቶ የሚታወቅ ነው፤ የጎደለው ፋይል በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ስላለ ለእሱ ሁሉም ነገር ይሠራለታል።

አሁን ወደ ‹ቅንብር.ጄሰን› እንመለስ። ጊት ደንቦቹን የሚጠይቀው ስለማይከታተለው ፋይል ብቻ ነው ብያለሁ። ይህ ፋይል ደንቡ ከመጻፉ በፊት በአንድ ኮሚት (በጊት ታሪክ ውስጥ በሚመዘገብ አንድ የለውጥ እርምጃ) ውስጥ ስለገባ ጊት ያውቀዋል፤ የሚታወቅ ፋይል ላይ ‹ልለፈው?› የሚል ጥያቄ አይነሣም። ክትትሉን የሚያቋርጠው ‹ጊት አርኤም --ካሽድ ቅንብር.ጄሰን› የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ፋይሉን ከኢንዴክሱ (ጊት ከሚከታተላቸው ፋይሎች ዝርዝር) ያወጣዋል፣ በዲስክዎ ላይ ግን ይተወዋል። ከዚያ ኮሚት ሲያደርጉ ደንቡ መሥራት ይጀምራል።

ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ይወቁ። የመጀመሪያው ለሥራ ባልደረቦችዎ የሚሆን ነው። ፋይሉ በእርስዎ ዲስክ ላይ ይቀራል እንጂ በታሪኩ ውስጥ የሚመዘገበው እንደ ስረዛ ነው፤ ሌሎች ያንን ኮሚት ሲስቡ ያልተነካካ ቅጂ ያላቸው ሰዎች ፋይሉ ከኮምፒውተራቸው ይሰረዛል። ስለዚህ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ቅጂ እንዲያስቀምጡም ያድርጉ። በዚያው ኮሚት ‹ቅንብር.ናሙና.ጄሰን› የሚል፣ የይለፍ ቃሉ ቦታ ባዶ የሆነ ፋይል ቢያስገቡ ደግሞ አዲስ የሚመጣ ሰው ምን መሙላት እንዳለበት ያያል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ‹ጊት አርኤም› የሚያወጣው ከዚህ በኋላ ካለው ሁኔታ ነው፤ ቀድሞ በተደረጉት ኮሚቶች ውስጥ ያለው የይለፍ ቃል እዚያው ተቀምጧል፣ ሪፖዚተሪውን የገለበጠ ሁሉም ይዞታል። ሪፖዚተሪው ከእርስዎ ኮምፒውተር ውጭ ተልኮ ከነበረ የይለፍ ቃሉን እንደ ተጋለጠ ቆጥረው ዛሬውኑ ይቀይሩት። ታሪኩን ‹ጊት ፊልተር-ሪፖ› በሚባለው መሣሪያ ማጽዳት ይቻላል፤ ነገር ግን የኮሚቶቹ መለያ ስለሚለወጥ ሁሉም ባልደረባ ሪፖዚተሪውን እንደ አዲስ መገልበጥ ይኖርበታል፤ የይለፍ ቃሉን ከመቀየርም ነፃ አያወጣም።

በየቦታው የሚመከር ሌላ መንገድ አለ፤ ‹ጊት አፕዴት-ኢንዴክስ› በሚለው ትእዛዝ ላይ ‹--አሹም-አንቼንጅድ› ወይም ‹--ስኪፕ-ወርክትሪ› ጨምሮ ጊት ለውጡን እንዳያይ ማድረግ። አልመክረውም። የጊት ሰነድ ራሱ እነዚህ ምልክቶች ክትትል ውስጥ ላለ ፋይል ችላ ማለቻ እንዲሆኑ እንዳልታሰቡ ይናገራል። ምልክቱ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ለባልደረባዎ አይደርስም፤ ፋይሉ በጋራው ሪፖዚተሪ በተለወጠ ዕለት ደግሞ ምክንያቱ በቀላሉ የማይገባ ግጭት ያመጣል።

ሪፖዚተሪዎ ውስጥ እንደ ‹ቅንብር.ጄሰን› ያለ፣ ደንብ ተጽፎለት ግን አሁንም ክትትል ላይ ያለ ሌላ ፋይል መኖሩን ለማወቅ ‹ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ -ሲ -አይ --ኤክስክሉድ-ስታንዳርድ› የሚለውን ያስኪዱ። የሚወጣው ዝርዝር ባዶ ከሆነ ደንብዎና እውነታው ተስማምተዋል ማለት ነው።

ደንብ ለምን እንደሠራ ወይም እንዳልሠራ መገመት ግን አያስፈልግም፤ ጊት ራሱ ይነግርዎታል። ‹ጊት ቼክ-ኢግኖር -ቪ› ብለው ከኋላው የፋይሉን መንገድ ይጻፉ። በእርስዎ ሁኔታ ስለ ናሙናው ቢጠይቁት የሚከተለውን ይመልስልዎት ነበር፤ ደንቡ አራተኛው መስመር ላይ እንዳለ እናስብ፦

.ጊትኢግኖር:4:ውጤት/    ውጤት/ናሙና.ሲኤስቪ

መጀመሪያ የደንቡ ፋይል፣ ቀጥሎ የመስመሩ ቁጥር፣ ቀጥሎ ደንቡ፣ በመጨረሻም የጠየቁት መንገድ ነው። ቃለ አጋኖ ያለበት አምስተኛው መስመር ሳይጠቀስ አራተኛው መጠቀሱ ብቻ ችግሩ የፎልደሩ መዘጋት መሆኑን ያሳያል። የሚመልስልዎት ደንብ በቃለ አጋኖ የሚጀምር ሲሆን ፋይሉ ችላ አልተባለም ማለት ነው፤ መስመር ወጣ ማለት ሁልጊዜ ታለፈ ማለት አይደለም። ክትትል ውስጥ ስላለ ፋይል ሲጠይቁ ግን ምንም አይመልስም፤ ለ‹ቅንብር.ጄሰን› ሞክረውት ዝም ካለዎት ምክንያቱ ይኸው ነው። ደንቡ በራሱ ትክክል መሆኑን ብቻ ለመፈተሽ ‹--ኖ-ኢንዴክስ› ይጨምሩበት። የፋይል ስሞችዎ በግዕዝ ፊደል ከሆኑ ጊት በቁጥር ኮድ እንዳያሳይዎት ‹ኮር.ኮትፓዝ› የሚለውን ቅንብር ‹ፎልስ› ያድርጉት።

ስለ ግዕዝ ፊደል ከተነሣ፣ የጥያቄ ምልክት ‹ስላሽ ያልሆነ አንድ ፊደል› ማለት ነው ተብሎ ቢጻፍም ጊት የሚቆጥረው ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ በሚጻፉበት ኮድ) ሦስት ባይት ስለሚይዝ ‹ክፍል?› የሚል ደንብ ‹ክፍል1›ን ይይዛል፣ ‹ክፍልሀ›ን ግን አይዝም። እንዲህ ላለው ኮከብን ይጠቀሙ፤ ኮከብ በባይትም በፊደልም ያው ነው።

ሌሎቹን ወጥመዶች ባጭሩ ልለፋቸው። ማስታወሻ የሚሆነው መስመሩ በ‹#› ሲጀምር ብቻ ነው፤ ‹*.ሎግ # የሎግ ፋይሎች› ብለው በአንድ መስመር ከጻፉ ሙሉው መስመር እንደ አንድ ደንብ ይነበባል፤ እንዲያ የሚባል ፋይል ስለሌለም ምንም አይይዝም። በዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል (የትእዛዝ መስጫ መስኮት) 5.1 ‹>› በሚለው ምልክት የተፈጠረ ፋይል በዩቲኤፍ-16 ስለሚጻፍ ጊት አንድም ደንብ በትክክል አያነብለትም፤ ደንቡ ሁሉ ትክክል መስሎ ምንም የማይሠራ ከሆነ የፋይሉን ኢንኮዲንግ ይመልከቱና ወደ ዩቲኤፍ-8 ይቀይሩት። እንደ ጊት ያለ ሌላ መሣሪያ ከሆነው ከመርኩሪያል የተቀዳ ደንብም አያስኬድም፤ የዚያ ደንብ ፋይል ሌላ ካልተባለ በቀር የሚነበበው እንደ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የራሱ ምልክቶች ያሉት ሌላ የፍለጋ አጻጻፍ) ነው፤ በጊት ግን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የለም።

ደንቡን የት መጻፍ እንዳለብዎ ደግሞ እንዲህ ይወስኑ። ፕሮጀክቱ ራሱ የሚያመነጨው ነገር፣ ማለትም የግንባታ ውጤት፣ የወረዱ ላይብረሪዎች፣ የሎግ ፋይሎች፣ ሁሉንም ባልደረባ ስለሚመለከት ኮሚት በሚደረገው ‹.ጊትኢግኖር› ውስጥ ይግባ። የእርስዎ ኤዲተር ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚፈጥረው ግን የፕሮጀክቱ ጉዳይ አይደለም፤ ‹ኮር.ኤክስክሉድስፋይል› በሚለው ቅንብር በሚጠቆም የግል ፋይል ውስጥ አንዴ ቢጽፉት ለሁሉም ሪፖዚተሪዎችዎ ያገለግላል። ለአንድ ሪፖዚተሪ ብቻ የሚሆን፣ ለሌላ ሰው የማይጠቅም ነገር ሲኖርዎ ‹.ጊት/ኢንፎ/ኤክስክሉድ› አለልዎት። በየንዑስ ፎልደሩ ‹.ጊትኢግኖር› ማስቀመጥም ይቻላል፤ ሲጋጩ ለፋይሉ የሚቀርበው ይጸናል፤ ከግል ፋይሎቹ ደግሞ የፕሮጀክቱ ‹.ጊትኢግኖር› ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል፤ ለ‹ቅንብር.ጄሰን› በቀጥታ የሚመለከት ነው። ጊት ችላ የተባለን ፋይል ሊተካ የሚችል ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል። ‹ጊት ክሊን› በትልቁ ‹-ኤክስ› ሲታዘዝ የሚሰርዘው እነዚህኑ ብቻ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን ማንም ሳያዝ የሚሆነው ነው። ክትትሉን ካቋረጡ በኋላ አንድ ቀን ፋይሉ ገና ክትትል ላይ ወደ ነበረበት የቆየ ኮሚት ወይም ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ቢሄዱ፣ ጊት በዲስክ ላይ ያለውን አዲሱን ቅንብርዎን ሳይጠይቅ በአሮጌው ይተካዋል፤ ወደ አሁኑ ብራንች ሲመለሱ ደግሞ አሮጌውንም ያነሣዋል። ሄደው ሲመለሱ ፋይሉ የለም፤ ኮሚት ተደርጎ ስለማያውቅም አዲሱ ይዘት ከጊት ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ‹ጊት አርኤም --ካሽድ› ከማስኬድዎ በፊት የ‹ቅንብር.ጄሰን›ን ቅጂ ከሪፖዚተሪው ውጭ ያስቀምጡ፤ ከተቻለም ፕሮግራሙ ቅንብሩን ከዚያው ከውጭ ካለው ቦታ እንዲያነብ ያድርጉት።